"ኮርኒስ ላይ ውሃ ምን ይሠራል?" አለኝ

ዛሬ ሦስተኛው ተቃጠለ። በአንድ ዓመት ሦስተኛው የሻወር ቤት መብራት! ወንድሜ አውርዶ ሲፈታው ከውስጡ ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ብሎኖቹ ዝገዋል፣ ድራይቨሩ፣ ማለት ለአምፖሉ ኤሌክትሪኩን የሚመጥነው ክፍል፣ ከስሏል። ይኼ እቃ ነው እንግዲህ እናቴ እግሯ ውሃ ውስጥ ሆኖ ስትታጠብ 220 ቮልት ተሸክሞ ከአናቷ በላይ የነበረው። እንዴት አልናደድ?

ቅዳሜን ሙሉ መርካቶ ዋልኩ። የገባሁበት ሱቅ ሁሉ "ክብ ነው አራት ማዕዘን? ነጭ ነው ቢጫ?" ይለኛል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ እንፋሎት ይችላል ወይ? አንዱ ባለሱቅ "የኔ እህት፣ ኮርኒስ ላይ ውሃ ምን ይሠራል?" አለኝ።

የኮንዶሚኒየም ሻወር ቤት እኮ ነው! መስኮቷ መዳፍ አታክልም። ሙቅ ውሃ ትንሽ ሲወርድ መስታወቱ ፊት አያሳይም። ያ ሁሉ እንፋሎት የት የሚሄድ መስሎት ነው? ሽቅብ ወጥቶ ኮርኒሱ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ጠብታ ሆኖ በመብራቱ ጠርዝ ሰርጎ ይገባል።

ካርቶኑ ላይ አይፒ የሚባል ቁጥር አለ፣ እባካችሁ እዩት። የፊተኛው አሃዝ ስለ አቧራና ስለ ጠጣር ነገር ነው፣ የኋለኛው ስለ ውሃ። 20 የሚለው ውሃ ጨርሶ አይከላከልም፣ የሳሎን እቃ ነው። 44 ከየትም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ ይችላል። 65 ደግሞ በቱቦ ቢለቀቅበትም አያስገባም። ለኔ ሦስቴም የሸጡልኝ 20 ነው፣ ያውም "ለሻወር ቤት ነው" ብዬ ተናግሬ! ቅዳሜ 65 የሚል ተለጣፊ ያለበት አግኝቼ ደስ ብሎኝ ክዳኑን ሳነሳው ውሃ የሚያግደው ጎማ የለም። ባዶ ነው።

የብርሃኑ ቀለም ነገርም አለ፤ በኬልቪን ነው የሚለካው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቢጫ፣ ሲበዛ ነጭ ይሆናል። 6500 ኬልቪን ነጭ ሴራሚክ ላይ ሲያርፍ ዓይን ይወጋል፣ 3000ው ለኔ ቢጫነቱ ይበዛል። መሃሉን፣ 4000ውን ስጠይቅ "እሱ አይመጣም" ተባልኩ።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ኤሌክትሪሺያኑ ነው። አካሉ ብረት የሆነ መብራት ሲገጥም የመሬት ሽቦውን ቆርጦ በፕላስተር ጠቅልሎ ትቶታል። ያ ሽቦ እኮ መብራቱ ውስጥ እርጥበት ገብቶ ብረቱ ኤሌክትሪክ ቢይዝ ሰው ከመንካቱ በፊት ብሬከሩ እንዲወርድ የሚያደርገው ነው! ደውዬ ስጠይቀው "ሁሉም ቤት እንደዚያ ነው" አለኝ። ሁሉም ቤት! ስንት እናት፣ ስንት ሕፃን በየቀኑ ከዚያ ሥር ይታጠባል?

እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ በሳሎኑ መብራት ነው የምትታጠበው። ጎማው ያለበት፣ 44 ወይም 65 የሆነ፣ ባለ 4000 ኬልቪን መብራት የሚሸጥበትን ሱቅ የምታውቁ ንገሩኝ። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።