«ላክሽ ወይ?»

ወገኖቼ፣ አረብ አገር ያለችው እህታችሁ ስትደውል፣ ከሰላምታው ቀጥሎ የምትጠይቋት ምንድን ነው? «ላክሽ ወይ?» አይደለም? እስኪ የሌላ አገር ሴቶችን ነገር ልንገራችሁና ራሳችሁን እዩበት።

የኢንዶኔዥያ ሴቶችም እንደኛዎቹ ለቤት ሠራተኝነት ይሰደዳሉ። ሳዑዲ ውስጥ ከኛ ልጆች ጋር በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ወጥ ቤት ይሠራሉ። አገራቸው «የውጭ ምንዛሪ ጀግኖች» ትላቸዋለች። ስሙ ያምራል፤ ግን ልብ በሉ፣ ጀግና ያሰኛቸው የላኩት ገንዘብ ነው።

ሆንግ ኮንግ ያሉት በዚህ ስም ብቻ መጠራትን እንቢ አሉ። እሑድ እሑድ ቪክቶሪያ ፓርክ ምንጣፍ አንጥፈው ይሰበሰባሉ። ከአገራቸው ምግብ አጠገብ መጽሐፍ ይዘረጋል፤ በሻንጣ እየተጎተተ የሚመጣ ቤተ መጻሕፍት ነው። አጭር ልቦለድ ይጽፋሉ፣ ግጥም ያነባሉ፣ እርስ በርስ ይተራረማሉ። ብዙዎቹ የጃቫ ገጠር ልጆች ናቸው፤ አፍ የፈቱት በጃቫኛ ነው። ሲጽፉ ግን በአብዛኛው በኢንዶኔዥያኛ ይጽፋሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1928 ወጣቶች ተሰብስበው «የአንድነታችን ቋንቋ» ብለው በማሉበት። ቀን በሰው ቋንቋ ሲታዘዙ ውለው፣ ሌሊት በራሳቸው ቋንቋ ማንነታቸውን ይጽፋሉ። ለዚህ ሥራቸው ስም ወጥቶለታል፦ «ሳስትራ ቡሩህ ሚግራን»፣ የስደተኛ ሠራተኞች ሥነ ጽሑፍ። ታይዋን ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2014 ለስደተኞች የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተጀመረ። ኢንዶኔዥያዊቷ በገዛ ቋንቋዋ ጽፋ ትወዳደር ነበር እንጂ «በቻይንኛ ካልጻፍሽ» አልተባለችም። ሽማግሌ ስታስታምም የምትውል ሴት ደራሲ ተብላ መድረክ ላይ ቆመች።

እንዲህ ያለው ጉባኤ ለምን ሪያድ ላይ አልደመቀም? ሳዑዲ የሄዱት ተሰጥኦ አንሷቸው አይደለም፤ ብዙዎቹ የዚያችው የጃቫ ደሴት ልጆች ናቸው። የሆንግ ኮንግ ሕግ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይሰጣል። በከፋላ፣ ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር በሚያስረው ሥርዓት፣ ሥር የወደቀችው ግን ስንቷ ናት ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ፣ ስልኳ የተነጠቀ፣ በሩ የተቆለፈባት! እሑድ የሌላት ሴት መቼ ትጻፍ? እኔ እንደሚመስለኝ ከብዕርና ከወረቀት በፊት የሚያስፈልገው ያ አንድ ቀን ነው።

እናንተ ግን አሠሪ አይደላችሁም፤ ወንድም ናችሁ፣ እናት ናችሁ። አሠሪው ጉልበቷን ሲያይ እናንተ ሐዋላውን ታያላችሁ፤ ታዲያ ሴትዮዋን ማን ይያት? ስትመለስ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» እያላችሁ ሻንጣዋን ትፈትሻላችሁ፤ በውስጡ ደብተር ቢገኝ ማን ይገልጠዋል? እናቶቻችን ወፍጮ ላይ ሆነው የገጠሙት እንጉርጉሮ እንኳ ስንቱ ሳይጻፍ ቀረ። አሁን ልጆቻቸው በስልክ እየቀዱ ይልኩላችኋል። አድምጧቸው፤ አታጥፉት፤ ጻፉት። «ግጥም ሆድ አይሞላም» ማለትንም ተዉ፤ ሆዳችሁን የሞላችው እኮ እሷ ናት።

ይህን የምለው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። እህቴ ከቤይሩት አንድ ሌሊት በድምፅ ግጥም ላከችልኝ። ግማሹን ሰምቼ አቋረጥኩና የእናታችን የመድኃኒት ገንዘብ መዘግየቱን ጻፍኩላት። በማግስቱ ገንዘቡ ደረሰ። ሦስት ዓመት ሆነው፤ በየወሩ ትልካለች፣ አንድም ወር አላጓደለችም። ግጥም ግን ከዚያ ወዲህ አልላከችልኝም።