ሰባት ሰከንድ

በአደባባይ የኦቨን ወገን ነኝ። የምግብ ነገር በተነሣ ቁጥር ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ምግብ ማለት በዝግታ የበሰለ ነው» እላለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ከእኔ ትብሳለች። ማይክሮዌቩን «ያ ሳጥን» ከማለት በቀር በስሙ ጠርታው አታውቅም። ሳጥኑ ግን ከወጥ ቤታችን ወጥቶ አያውቅም። ለሚጠይቀን ሁሉ «ለልጆቹ ወተት ማሞቂያ ነው» እንላለን። ልጆቹ አድገው ከቤት ከወጡ ሰነባብተዋል።

ስለ ኦቨናችንም እውነቱን ልናገር። በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ቀን የሚያገለግለው እንደ ቁም ሣጥን ነው። መጥበሻው፣ ትሪው፣ ክዳኑ የጠፋበት ድስትና ድስቱ የጠፋበት ክዳን ተደራርበው ይኖሩበታል። አንዲት ዳቦ ለመጋገር መጀመሪያ ነዋሪዎቹን ማስለቀቅ ያስፈልጋል፤ ከዚያም ሙቀቱ 180 ዲግሪ እስኪደርስ 15 ደቂቃ ያህል መቀመጥ ነው። አንድ ጊዜ ነዋሪዎቹን በሚገባ ሳልቆጥር ለኩሼው አንድ የፕላስቲክ ክዳን ከትሪው ጋር ተጣብቆ ቀረ። እስከ ዛሬም አልተለያዩም።

ሳጥኑ በበኩሉ ሲፈጠርም ለወጥ ቤት ታስቦ አይደለም። የራዳር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ፐርሲ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ ለራዳር ሞገድ የሚያመነጨው ማግኔትሮን የተባለ መሣሪያ አጠገብ ቆሞ ሳለ ኪሱ ውስጥ የነበረው ቸኮሌት ቀለጠ ይባላል። እኔ ብሆን ኖሮ ለሱሪዬ አዝኜ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። እሱ ግን በቆሎ አምጥቶ ፈንዲሻ አፈነዳ። በ1947 የወጣው የመጀመሪያው ማሽን ቁመቱ 1.8 ሜትር፣ ክብደቱ 340 ኪሎ ገደማ ነበር። እንዲያ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ቢያንስ ማንም በሌሊት ተደብቆ አይጠቀምበትም ነበር።

ኦቨን የሚያስከብረው ነገር እንዳለው አልክድም። አንድ ቀን እንግዶች ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ቸኩለን ዶሮውን ሳጥኑ ውስጥ አስገባነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ዶሮው በስሎ ሲወጣ ከረጅም ሕመም ያገገመ ዘመድ መስሎ ነበር። ገርጥቷል፣ ላብ አጥምቆታል። ሞገዱ በዋናነት የሚያሞቀው በምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ 100 ዲግሪ ሲደርስ ተንኖ ይሄዳል እንጂ ከዚያ በላይ ልሙቅ አይልም። ያ ቡናማ ቆዳና ጎረቤት የሚጠራው ሽታ የሚመጣው ከ140 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1912 ጽፎታል፤ ለእንግዶቻችን ግን በዚያ ምሽት ስለ ኬሚስትሪ ማስረዳት አልተቻለም። «የሕመምተኛ ምግብ ስለታዘዘልኝ ነው» ብዬ ዶሮውን በእኔ ጤና አሳበብኩ።

ሾርባም ቢሆን ጉድ አለበት። ዳር ዳሩ ይፍለቀለቃል፣ መሐሉ ገና በረዶ ነው። ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ከራሱ ጋር ሲገናኝ እዚህ ይበረታል፣ እዚያ ይደክማል፤ ሳህኑም ያለ ዕረፍት የሚሽከረከረው ድርሻውን ለማዳረስ ነው። («ከውስጥ ወደ ውጭ ያበስላል» የሚሉ አዋቂዎች አሉ። ሞገዱ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በላይ ዘልቆ አይገባም። ነግሬያቸዋለሁ፤ አልሰሙኝም።) እንቁላልማ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ያለው ሰው ሳጥኑን አላየውም። ከነቅርፊቱ ባስገባሁት ዕለት እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ አልጠበቀም፤ በርሮ ጣሪያውን ለበሰ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ሌሊት ሲርበኝ ወዴት እንደምሄድ መገመት አያዳግትም። በባዶ እግሬ፣ መብራት ሳላበራ፣ የተረፈውን ይዤ ወደ ሳጥኑ እሄዳለሁ። ትልቁ ችግር ጩኸቱ ነው። ሥራውን እንደ ጨረሰ ሦስት ጊዜ ይጮኻል፤ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል። ስለዚህ ፊቱ ቆሜ ቁጥሩ ሲወርድ በዓይኔ እከተላለሁ። አንዲት ደቂቃ ተኩል እንደዚያ ትረዝማለች ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ኦቨን ፊት 15 ደቂቃ መቀመጥ ይሻላል። ልክ 3 ሰከንድ ሲቀረው በሩን እከፍታለሁ። ከዚያ የሳጥኑ የቁጥር መስኮት ላይ የቀረችውን 3 አጥፍቼ፣ ሹካዬን አጥቤ፣ ንጹሕ ሰው ሆኜ እተኛለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሆዴን ስለጎረበጠኝ ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋዬ አልወረድኩም። ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ መስኮቱ ላይ 0:07 ይነበባል። ዓይኔን አሽቼ ደግሜ አየሁት። ሰባት ሰከንድ! እኔ እንኳን እስከ ሦስት እታገሣለሁ።

ከሳሎን ባለቤቴ ለእህቷ በስልክ ስታስረዳ ይሰማኛል። «እንዴ፣ እኛ ቤት እኮ ያ ሳጥን ጌጥ ነው» ትላለች። ጣቴን ሰደድ አድርጌ ሰባቷን ሰከንድ አጠፋሁላት።