መሬት ሳይነቃነቅ የወጣነው ዳገት

ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በምኖርባት በጃፓኗ የባሕር ዳር ከተማ በኢሺኖማኪ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ እንኳ ሳይነቃነቅ ስልኬ ጮኸ። ወዲያው በየመንገዱ የተሰቀሉት የከተማው ድምፅ ማጉያዎች ሱናሚ ስለሚመጣ ወደ ከፍታ ቦታ ሽሹ እያሉ ይደጋግሙ ጀመር። መሬቱ የተንቀጠቀጠው በሩቅ፣ በሩሲያዋ ካምቻትካ ነበር፤ መጠኑ 8.8 ሲሆን የተፈራው ሞገድ ደግሞ እስከ 3 ሜትር ነበር። እኔ ፓስፖርቴን ፍለጋ መሳቢያ ስገለባብጥ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ጎረቤቴ ዘወትር ከበራቸው ሥር የምትቀመጠውን ቦርሳ አንግተው በሬን ደበደቡ፤ ውኃ፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ ባትሪና ትንሽ ሬዲዮ የያዘች ቦርሳ ናት። «ወረቀት ይተካል፤ ውጣ!» አሉኝና እኔን ሳይጠብቁ ዳገቱን ተያያዙት።

ሳይጠብቁኝ መሄዳቸው አስቀይሞኝ ነበር። ሂዮሪያማ ኮረብታ ላይ ስንገናኝ ግን በዚህ ጠረፍ «ቴንደንኮ» የሚሉት የቆየ ደንብ እንዳለ ነገሩኝ፤ ሱናሚ ሲመጣ እያንዳንዱ ለየራሱ ይሽሽ፣ ልጅ እናቱን እናትም ልጇን ፍለጋ አትመለስ ማለት ነው። ጎረቤት ጥሎ መሄድ ነውር በሆነበት አገር ላደግን ሰዎች ይህ ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን ደንቡ የሚሠራው ቤተሰብ ገና በደህናው ቀን ተቀምጦ የት እንደሚገናኝ ስለተስማማ፣ ሁሉም «የእኔ ሰው ቀድሞ ወጥቷል» ብሎ ስለሚያምን ነው። የዚያን ቀን በመላው ጃፓን የታየው ከፍተኛው ሞገድ በኢዋቴ ክፍለ ግዛት በኩጂ ወደብ የተመዘገበው 1.3 ሜትር ብቻ ነበር። በዚያ ሙቀት ሰዓታት ካሳለፉት መካከል «በከንቱ አደከሙን» ያለ ሰው አልሰማሁም።

ይህን የተማሩት በብዙ ሞት ነው። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ታላቁ ሱናሚ ይህን ጠረፍ በመታ ዕለት፣ የጃፓን የሚቲዎሮሎጂ ድርጅት መሬት ከተንቀጠቀጠ በ3 ደቂቃ ውስጥ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር፤ ሆኖም ለኢዋቴ የተነገረው ቁጥር 3 ሜትር ስለነበር በባሕሩ ዳር የተሠራው መከላከያ ግንብ ያግደዋል ብለው የቆዩ ሰዎች ነበሩ፤ ባሕሩ ግን ከዚያ እጅግ ልቆ መጣ። እዚሁ ኢሺኖማኪ ውስጥ በኦካዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ኮረብታ ከጀርባቸው እያለ 50 ደቂቃ ያህል በግቢው ውስጥ የቆዩ 74 ልጆችና 10 መምህራን አለቁ። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ቃሉን ለወጠ፤ መንቀጥቀጡ ከ8 በላይ መሆኑ ተገምቶ ትክክለኛ መጠኑ ቶሎ ካልታወቀ፣ የመጀመሪያው ከባድ ማስጠንቀቂያ ቁጥር አይጠራም፣ «ግዙፍ» ብቻ ይላል። «የተናገርኩት ቁጥር ሰው አዘናግቷል» ብሎ አነጋገሩን ያስተካከለ መሥሪያ ቤት ማየቴ ከማሽኖቻቸው ሁሉ ይልቅ አስደንቆኛል።

ከካምቻትካው መንቀጥቀጥ ቀደም ብሎ፣ በዚያው በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ ሌሊት አዲስ አበባ ድረስ በተሰማ ጊዜ፣ እናቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ካለው ኮንዶሚኒየሟ ደወለችልኝ። አልጋው ሲወዛወዝ ሁሉም ጋቢውን እየጎተተ፣ ሕፃን ያዘለችም ምርኩዝ የያዘም፣ በአንድ ጠባብ ደረጃ ተጋፍቶ ወርዷል። በመንቀጥቀጥ ጊዜ ደረጃ ላይ መሮጥ እንደሚያሰብር፣ እስኪያልፍ ጠረጴዛ ሥር መግባት እንደሚሻል ከዚያ ቀን በፊት የነገራት ሰው የለም። ቀድሞ የደረሳት በቴሌግራም የተላከ «ከንጋቱ በፊት ትልቁ ይመጣል» የሚል ወሬ ነው፤ በዚህ ምክንያት በዚያ ብርድ ውጭ አደረች። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አደጋው ለእኛ እንግዳ አይደለምና፤ በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ በሰሜን ሸዋ ማጀቴ የተባለችውን ከተማ አፍርሷል፣ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር ሰርዶ የተባለችው ከተማ ፈርሳለች።

ከኮረብታው እንደወረድኩ ደወልኩላትና «እማዬ፣ ደግሞ ቢመጣ የት ነው የምትገናኙት?» አልኳት። ከሕንፃው ማዶ ያለውን ሜዳ ነገረችኝ። ወደዚያ የሚያወጣው የግቢው በር ግን ሌሊት ሌሊት ይቆለፋል፤ ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ያለው በጥበቃው ኪስ ውስጥ ነው።