ስማቸውን ጠርታችሁ ለምትወርዱ

የአዲስ አበባ ሰዎች ሆይ፣ በስታዲየምና በፍልውሃ አካባቢ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ «ዘውዲቱ ጋ ወራጅ አለ» ስትሉ የማንን ስም እንደምትጠሩ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሆስፒታሉ የተሰየመው ለዳግማዊ ምኒልክ ልጅ ለንግሥት ዘውዲቱ መታሰቢያ ነበር። እናንተ ግን ፌርማታ አደረጋችሁት።

በየዓመቱ መጋቢት ሲመጣ የእቴጌ ጣይቱን ፎቶ ለጥፋችሁ «ነፍስ ይማር ዘውዲቱ» ትላላችሁ። ኧረ እፈሩ! ጣይቱ እንጀራ እናታቸው ናቸው፤ ያረፉትም የካቲት 4 ቀን 1910 ነው፤ ዘውዲቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዘውድ በጫኑ ልክ በዓመቱ። ዘውዲቱን «እቴጌ» እያላችሁም ማዕረጋቸውን ዝቅ ታደርጋላችሁ። እቴጌነት በባል የሚገኝ ነው። እሳቸው ግን ባላቸውን ራስ ጉግሣ ወሌን እንዲለዩ ተደርገው፣ በአባታቸው ዙፋን ብቻቸውን የተቀመጡ ንግሥተ ነገሥታት ናቸው።

ቀኑም ሲበላሽ እናያለን። ዘውዲቱ ያረፉት መጋቢት 24 ቀን 1922፣ በ53 ዓመታቸው ነው። ከፈረንጅ መጽሐፍ 1930ን ያገኘ ሰው ሰባት ቀንሶ 1923 ይላል። ሰባት የሚቀነሰው ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ቀንሱ።

«አሻንጉሊት ነበሩ» ባዮችም ቀስ በሉ። የውጭ ጉዳዩን አልጋ ወራሽ ተፈሪ እንደያዙት፣ መስከረም 27 ቀን 1921 የንግሥና ዘውድ የደፉትም ንግሥቲቱ በሙሉ ልብ ወደው እንዳልነበረ አንክድም። ቢሆንም ሀገሪቱ መስከረም 17 ቀን 1916 የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በእሳቸው ዘመን ነው፤ የበዓታን ቤተ ክርስቲያንም ለአባታቸው ማረፊያ ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ባላቸው በሞቱ ማግስት ተመርዘው ሞቱ የሚለውን ወሬ ደግሞ ተዉት። ራስ ጉግሣ መጋቢት 22 አንቺም በተባለው የጦር ሜዳ ላይ ወደቁ፣ እሳቸው በሁለተኛው ቀን አረፉ፤ አስቀድመውም ታመው ነበር። የቀን መቀራረብ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ከልብ ልታስቧቸው ከወደዳችሁ ታዕካ ነገሥት በዓታ ሂዱ። ከታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ ነው፤ ጉልላቱ ላይ ባለው ትልቅ ዘውድ ትለዩታላችሁ። መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል በታች፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ መሀል ምኒልክ፣ ግራና ቀኝ ሁለቱ ሴቶች፣ ዘውዲቱና ጣይቱ። ጸሎተ ፍትሐት ስታስደርጉ «ዘውዲቱ» ብላችሁ ጽፋችሁ አትስጡ፤ ካህኑ የሚፈልጉት የክርስትና ስም ነው። አስካለ ማርያም በሉ። አባታቸውን አብራችሁ ካሰባችሁ ሣህለ ማርያም፣ ጣይቱን ደግሞ ወለተ ሚካኤል።

ጧፍ ከያዛችሁ ለአንድ ቡድን አንድ ይበቃል። ምድር ቤት አየር እንደልቡ አይዘዋወርም፤ ሁሉም የየራሱን ካበራ ጥቀርሻው ድንጋዩ ላይ ያርፋል። ጧፉንም ወደ መቃብሩ አታዘንብሉት። ሰም ከተንጠባጠበ ለአገልጋዩ ንገሩ እንጂ በቁልፍ ወይም በቢላ አትፋቁ። ደህናው መንገድ በላስቲክ የተጠቀለለ በረዶ ሰሙ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፣ ያኔ በእንጨት ማንኪያ ጠርዝ በቀስታ ይነሳል፤ የቀረውን በለብታ ውሃና በጥቂት ሳሙና ጠርጎ ማድረቅ ነው። ሎሚና ኮምጣጤ ግን አይጠጉት። እብነ በረድ ኖራማ ድንጋይ ስለሆነ አሲድ ይበላዋል፤ የሚተወውን ደብዛዛ ጠባሳ ደግሞ ማጠብ አያስለቅቀውም፣ በባለሙያ እንደገና መወልወል አለበት።