ፌሮሲን ለመሥራት ግላቭ ቦክስ አያስፈልግም

ስለ ኦርጋኖሜታሊክ ኬሚስትሪ ሲነሳ አንድ የተለመደ ሰበብ አለ፦ «አየር ሲነካው ይበላሻል፣ ግላቭ ቦክስ (አየር የማይገባበት፣ በተገጠመለት ጓንት የሚሠሩበት ሳጥን) የለንም፣ ሰሌዳ ላይ ይበቃል።» ተማሪውም 18 ኤሌክትሮን መቁጠር (ብዙ እንዲህ ያሉ ውህዶች የሚረጉት በሜታሉ ዙሪያ 18 ኤሌክትሮን ሲሞላ ነው የሚለውን ሕግ) ተምሮ፣ የቆጠረለትን ነገር አንድ ቀን እንኳ በዓይኑ ሳያይ ይመረቃል። ሰበቡ ለብዙ ውህዶች እውነት ነው። ብረት በሁለት የካርቦን ቀለበቶች መካከል ለተያዘበት ለፌሮሲን ግን አይሠራም። ጅማ ላይ ሙከራውን ይበልጥ የሚያበላሹት እርጥበቱና ከፍታው ናቸው።

ኦርጋኖሜታሊክ የምንለው ሜታል ከካርቦን ጋር በቀጥታ የተሳሰረበትን ውህድ ነው። ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ውሃ የምንቀዳበት የቢጫው ጀሪካን ፕላስቲክ የሚሠራው በቲታኒየም ወይም በክሮሚየም ካታሊስት ሲሆን፣ ሰንሰለቱ የሚረዝመው እዚያው ሜታልና ካርቦን በተያያዙበት ቦታ ላይ ነው። ዚግለርና ናታ በ1963 (እ.ኤ.አ.) ኖቤል የተሸለሙት በዚሁ ዘርፍ ነው። በደማችን ያለው ቫይታሚን ቢ12ም ኮባልትና ካርቦን የተሳሰሩበት ነው። ወባ ለማይለቀን ለእኛ ደግሞ ፌሮኪን አለ፦ ክሎሮኪን ላይ ፌሮሲን ተሰክቶበት፣ ክሎሮኪን ያቃተውን የወባ ጥገኛ የሚገድል፣ በሰው ላይ እስከ መሞከር የደረሰ፣ መድኃኒት ቤት ግን ገና ያልገባ።

ወደ ሥራው እንግባ። መነሻው ሳይክሎፔንታዳይን (የፌሮሲን ቀለበቶች የሚሠሩበት ፈሳሽ) በጠርሙስ አይገዛም፤ ሁለት ሁለት ሆኖ ተጣብቆ ነው የሚመጣው። ጥንዱን ወደ 170 ዲግሪ አካባቢ እያሞቁ ይሰነጥቁትና እንደ አረቄ እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ ያወጡታል። ከፍታው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ባሕር ጠለል ላይ 41 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ፈሳሽ ከ1,700 ሜትር በላይ ባለችው ጅማ ወደ 35 ይወርዳል። መቀበያው በረዶ ውስጥ ካልተቀመጠ ግማሹ በሁዱ (በጢስ መሳቢያው) በኩል ሄደ ማለት ነው። የወጣውንም በዚያው ቀን መጠቀም ነው፤ ካደረ ተመልሶ ይጣበቃል።

ቀጥሎ 25 ግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ መነጽርና ጓንት አድርጎ በሙቀጫ ማድቀቅ። በክረምት ይህ ፈተና ነው፦ ዱቄቱ የአየሩን እርጥበት ጠጥቶ ሊጥ ይሆናል። በትንሽ በትንሹ እየደቀቁ ወዲያው ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ መጨመር ይሻላል። ዱቄቱን ከ60 ሚሊ ሊትር ዳይሜቶክሲኤቴን ጋር እያማሰሉ፣ ናይትሮጅን እያሳለፉ፣ 5.5 ሚሊ ሊትር ሳይክሎፔንታዳይን ይጨምሩበታል። ናይትሮጅኑ ከአንድ ተራ ሲሊንደር ይበቃል፤ አየር የሚፈራው መሃል ላይ የሚፈጠረው አኒዮን (ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው ቀለበት) እንጂ ፌሮሲኑ አይደለም። ከዚያ 6.5 ግራም ፌረስ ክሎራይድ (አራት ውሃ ያለውን) በ25 ሚሊ ሊትር ዳይሜቲል ሰልፎክሳይድ አሟምቶ በ45 ደቂቃ ውስጥ ጠብ ጠብ ማድረግ፣ ግማሽ ሰዓት ማማሰል፣ በመጨረሻም 90 ሚሊ ሊትር 6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድና 100 ግራም በረዶ ላይ መገልበጥ። ብርቱካናማው ዝቃጭ፣ ማለትም ፌሮሲኑ፣ ይወርዳል። ምንም ሳይባክን በስሌት የሚገኘው 6.1 ግራም ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሹን ያገኘ አይከፋው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ፌረስ ክሎራይዱ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ፈዛዛ አረንጓዴ መሆን ሲገባው ቡኒ ወይም ቢጫ ከሆነ ዝጓል፣ ምርቱም ያንሳል። ሌላው ችግር አሲዱ ውስጥ የሚታየው ሰማያዊ ነው። ብዙዎች ተበላሸ ብለው ይደፉታል። መድፋት አይገባም፤ ከትምህርቱ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ፌሮሲን ውስጥ የብረቱ 6 ኤሌክትሮንና የሁለቱ ቀለበቶች 12 ተደምረው 18 ይሆናሉ። አየሩ አንዷን ሲወስድ 17 ይቀራል፣ ብርቱካናማውም ሰማያዊ ይሆናል። የቫይታሚን ሲ ዱቄት ጣል ሲደረግበት ኤሌክትሮኗ ትመለሳለች፣ ቀለሙም ይመለሳል፣ ፌሮሲኑም ይዘቅጣል። ይህን ላየ ተማሪ የ18ቱን ሕግ በሰሌዳ ማስረዳት አያስፈልግም።

ማጣራቱ ቀላል ነው። የደረቀውን ዝቃጭ በብርጭቆ ሳህን አድርጎ፣ ሌላ ሳህን ገልብጦ፣ ላዩ ላይ በረዶ አስቀምጦ ከ100 ዲግሪ በላይ በቀስታ ማሞቅ። ሳይቀልጥ ተንኖ ክዳኑ ላይ መርፌ መርፌ ሆኖ ይጠራቀማል። 173 ዲግሪ ገደማ ከቀለጠ ንጹሕ ነው።

በአሴቲክ አንሃይድራይድና በፎስፎሪክ አሲድ ወደ አሴቲልፌሮሲን ቀይሮ በኮለም (ዱቄት በተሞላ ቱቦ) ከተረፈው ፌሮሲን መለየትም ይቻላል፤ ቢጫው ቀድሞ፣ ቀይ ብርቱካኑ ተከትሎ ሲወርድ ያለ ምንም መሣሪያ ይታያል። ነገር ግን አሴቲልፌሮሲን ሲዋጥ ብርቱ መርዝ ነውና ጓንት የግድ ነው። የተረፈው ፈሳሽ ሁሉ ስሙ ተጽፎበት በክዳን ዕቃ ይቀመጥ። ሲንክ ውስጥ የተደፋ ነገር ነገ አዌቱ ወንዝ ውስጥ ነው። ሙከራው ከክረምት ወጥቶ ወደ ኅዳርና ታኅሣሥ ቢዞር ደግሞ የዱቄቱ ጣጣ በግማሽ ይቀላል።