የጀልባ ሞተር መካኒክ ስንት ይከፈለው?

ባህር ዳር ላይ ሞተር ጀልባ ያላቸው ሰዎች ሲገናኙ ከቤንዚን ቀጥሎ የሚያማርሩት መካኒክን ነው። «ካንዴላ ፈትቶ ለማጽዳት ይህን ሁሉ ብር!» ይላሉ። መካኒኮቹን ብትጠይቁ ደግሞ ሌላ ወሬ ትሰማላችሁ። ባለ ጀልባው ለዕቃ ይከፍላል፤ የእጅ ሲባል ግን ፊቱ ይጠቁራል ይሏችኋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን ችግሩ የሚጀምረው ከከፋዩ ወገን ነው ባይ ነኝ።

ዕቃ ይታያል፣ ይዳሰሳል፣ ደረሰኝ አለው። እውቀት አይታይም። ስለዚህ መካኒኩ የእጁን በግልጽ ሲጠይቅ እንቆጣለን፤ በዕቃው ላይ ጨምሮ ሲወስድ ግን አናውቅም። እሱም ቀስ በቀስ ይማራል። ከመለዋወጫ ሱቅ ኮሚሽን ይቀበላል። ደረሰኝ ላይ ትንሽ ያስጨምራል። ወይም የእጅ ዋጋውን በዕቃው ዋጋ ልክ ያሰላል። ደረሰኝ ላይ መጨመር ሌብነት ነው፣ አላለባብሰውም። ግን መንገዱን ያሳየነው እኛው ነን።

ከሁሉ የከፋው በዕቃ ዋጋ ልክ ማስከፈሉ ነው። ሁለት ሥራ እንውሰድ። ከታች ያለው የማርሽ ዘይት ሲፈስ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ጣና ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ የተጣለ የመረብ ክር የፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ይጠመጠምና ፓራኦሊዮውን ይቆርጠዋል። ፓራኦሊዮ ማለት ትንሽ የጎማ ቀለበት ናት፣ ዋጋዋም እንደዚያው። እሷን ለመቀየር ግን ፕሮፔለሩ ይወልቃል፣ የታችኛው ክፍል ይፈታል፣ የዛገው ብሎን ይለመናል፣ መልሶ ተገጥሞ ይሞከራል። ግማሽ ቀን ቢፈጅ አይገርምም። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ሙሉውን አውጥቶ በአዲስ መተካት ግን ለለመደ እጅ ቶሎ ያልቃል፤ ዕቃው ነው ውዱ። በዕቃው ልክ ከከፈልን ግማሽ ቀን የለፋው የሻይ ብር ይዞ ይሄዳል፣ አውጥቶ የተካው ደህና ገንዘብ ያገኛል። ያኔ ማን ይጠግናል? ታጥቦ የሚሠራው ካርቡራተር ይጣላል፣ አዲስ ይገዛል፣ ከፋዩም እኛው።

ብር ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ነገሩ ባሰ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሞተር ዕቃ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ዋጋውም ተከትሎ ወጣ። በዕቃ ልክ የሚያስከፍለው መካኒክ ድካሙ ሳይጨምር ገቢው ጨመረ። በቁርጥ ዋጋ የሚሠራውን ደግሞ ጤፍና ቤት ኪራይ ጥለውት ሄዱ።

«ምን ሠራና?» ለሚሉ ጣናን ላስታውሳቸው። ሐይቁ ያለው ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል፤ እዚህ ሲደርስ ከ15 በመቶ በላይ ጎድሎበታል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። አንዱ መካኒክ በየጊዜው ካንዴላ እያጸዳ ያስከፍላችኋል። ሌላው ለምን እንደሚጠቁር ይጠይቅና ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ቀዳዳ በጠበበች ይቀይራል። ሁለተኛው አንድ ጊዜ ከበድ ያለ ዋጋ ቢጠይቅ ርካሹ እሱ ነው። በዚያ ላይ በክረምት እነ ጉማራና ርብ የሚያመጡት ደለል ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የውሃ ፓምፕ ጎማ ይበላል። እምቦጭ የውሃ መሳቢያውን ይደፍናል፣ ሞተሩ ይግላል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት ጎብኚ ስለቀነሰ የቆመ ጀልባም ብዙ ነው። ቆሞ የከረመ ቤንዚን ደግሞ ሙጫ ይሆናል።

ይህ ሁሉ የሚደርስበት ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ማዕበል ሲያይል፣ ከዘጌ ሰው ጭኖ የሚመለስ ጀልባ ላይ ያለ ሞተር ነው። እዚያ መሀል ቢጠፋ ወርዶ መግፋት የለም።

ታዲያ ፍትሐዊው ዋጋ ስንት ነው? ቁጥር አልጠራም፤ አከፋፈሉ ላይ ግን ሐሳብ አለኝ። የታወቀ ሥራ ቁርጥ ዋጋ ይኑረው። ባለ አራት ምት ሞተር አብዛኛውን ጊዜ በየ100 ሰዓቱ ዘይቱ መቀየር አለበት። በቀን 4 ሰዓት የሚሠራ የጎብኚ ጀልባ በ25 ቀን ይደርስበታል። ወር በመጣ ቁጥር መከራከር ምን ይባላል? ያልታወቀ ብልሽት ሲሆን የምርመራው ለብቻ ይከፈል፣ ጥገናው ቢቀርም ይከፈል። መካኒኩ ችግሩን ካገኘ በኋላ ቆም ብሎ ደውሎ ዋጋውን ይናገር፣ እሺ ከተባለ ይቀጥል።

ባህላችን ግን ይህንን አይወድም። «ስንት ነው?» ሲባል «ጋሼ፣ ያሰቡትን ይስጡኝ» ይባላል። ትሕትና ይመስላል። ሥራው ሲያልቅ ያሰቡትን ይሰጡታል፣ እሱ ያሰበው ሌላ ነው፣ ኩርፊያ ይከተላል። በነገራችን ላይ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የአገልግሎት ዋጋም በሚታይ ቦታ እንዲለጠፍ ያዛል። የውሃ ዳር ሥራ ግን ግድግዳ እንኳ የለው፣ የት ይለጠፍ ትሉ ይሆናል። አንድ ገጽ ወረቀት በስልክ መላክ ይበቃል።

መካኒኮችንም አልለቃቸውም። ልጅ እያሠለጠኑ ልጁ የፈጀውን ሰዓት በባለ ጀልባው ላይ መቁጠር ነውር ነው፤ በሰው ሞተር ለተማሩበት ሰዓት ክፍያ አይጠየቅም። ሞተር ፈታትቶ ሌላ ሥራ ላይ መጥፋትም እንዲሁ። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ። ያው ብልሽት በወሩ ከተመለሰ ደግሞ የእጅ አይጠየቅ። ደቅ ደሴት ድረስ ተጠርቶ የሚሄድ መካኒክ ግን የመንገዱን ጊዜ ቢያስከፍል ሐቁ ነው፤ ውሃ ላይ የዋለበት ሰዓትም የሥራ ሰዓቱ ነው።

የሚቀረኝ የዓሣ አጥማጁ ነገር ነው። አስጎብኚው ሥራ ሲኖር ጥሬ ብር ይይዛል። አጥማጁ ግን እጁ የሚፈታው ዓሣ በሚፈለግበት በሁዳዴ ነው፤ ሞተሩ ደግሞ ጾም ጠብቆ አይበላሽም። ስለዚህ በዱቤ ያሠራል፣ መካኒኩም ለሚጠብቅበት ብሎ ሳይናገር ይጨምርበታል። መጨመሩን አልቃወምም፣ መጠበቅ ዋጋ አለው። ግን «ዛሬ ከከፈልክ ይህን ያህል፣ ለሁዳዴ ከሆነ ይህን ያህል» ብሎ ሁለቱንም ይንገረው። ምናልባት አጥማጁ ከዘመድ ተበድሮ ዛሬውኑ መክፈሉ ይሻለው ይሆናል።