መኖ ገዝቶ ለሚያረባ ሒሳቡ ሌላ ነው
ስለ ወተት ላም እርባታ በወጣው ጽሑፍ ላይ የተነሣው «የላሞች ቁጥር ሲጨምር የአንዱ ሊትር ወተት ወጪ ይቀንሳል» የሚለው ሐሳብ የራሱ የግጦሽ መሬት ላለው ይሠራ ይሆናል፤ ሱሉልታና ቢሾፍቱ ውስጥ በጠባብ ግቢ ድርቆሹንም፣ ፉርሽካውንም (ስንዴ ተፈጭቶ የሚቀረውን ልጣጭ)፣ ፋጉሎውንም (የቅባት እህል ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረውን) በገንዘብ ለሚገዛ ግን አይሠራም። ትልቁ ወጪያችን መኖ ነው፤ አንዲት ላም በተጨመረች ቁጥር እሱም አብሮ ይጨምራል። ደግሞ ከበረቱ ስንቷ ትታለባለች? የነጠፈችውም (ወተት መስጠት ያቆመችውም)፣ ተዳቅላ ያልያዘችውም፣ ጊደሯም ከዚያው ድርቆሽ ነው የሚበሉት። እኔ ቶሎ ቶሎ የማይወልዱትን ሸጬ የቀሩትን በደንብ ስመግብ ነው እጄ ላይ ገንዘብ መቅረት የጀመረው። ከላይ በአስተያየትህ «ፉርሽካ ብቻ ጨምሩላት» ላልከው ወንድሜ፣ ብዙ ለምትታለብ ዲቃላ ላም የፉርሽካ ፕሮቲን አይበቃም፤ የኑግ ፋጉሎ ወይም አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል ይታከልበት። ጽሑፉ ጾምን ጭራሽ አለማንሳቱ በጣም ገርሞኛል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የወተት ገዢ ይጠፋል፣ ላሟ ግን ትበላለች። አንዲት ላም ከመውለዷ በፊት 2 ወር ያህል መንጠፍ ስላለባት፣ ሐምሌ ላይ ብትዳቀል የምትነጥፍበት ጊዜ በአብዛኛው ከጾሙ ጋር ይገጥማል፤ ከጾሙ በኋላ ላለው ገበያም ትደርሳለች። ድርቆሹንም አጨዳው እንዳለቀ ኅዳር ላይ ግዙ፤ ክረምት ሲገባ ዋጋው አይቀመስም።